ሦስተኛው ቀን፦ መጠጥ ከሚያቆሙ ሰዎች ጋር የኖርኩበት ሥራ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። አዲስ አበባ፣ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ባለፈው የብሎካችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ፣ የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ስለ ውኃ ታንከሩ የሚደረገው ክርክር ሲሰለቸው ወደ እኔ ዞረና፦

“ሲስተር፣ የትኛው ክፍል ነበር የሚሠሩት?” አለኝ።

“መጠጥ የሚያቆሙ ሰዎችን ነበር የማክመው።”

ሳቀ። “ማቆም ደግሞ ሕክምና አለው እንዴ? ቆራጥነት ነው እንጂ! አባቴ በአንድ ቀን ነው እርግፍ አድርጎ የተወው።”

አልተቀየምኩትም። እኔም ነርስ ሆኜ ሥራ ስጀምር ከዚህ የተሻለ አላውቅም ነበር። መጠጥ እንደሚገድል ሁሉም ያውቃል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ማቆሙ ራሱ ሊገድለው እንደሚችል ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ቀን ነው።

እታፈራሁ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ገጠር ክትባት ስሰጥ ቆየሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የውስጥ ደዌ ክፍል ገባሁ። የቀረውን ዘመኔን የጨረስኩት ደግሞ የካ፣ ተራራው ሥር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ነርስ የሆነም ነርስ ያገባም ያውቀዋል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። ከድሬሰርነት ተነስተው ነርስ የሆኑ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። የክፍሉ አለቃ የነበሩት ሜትረን የአልጋ ልብስ ካልተወጠረ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም። ጋሽ ተሰማ ግን አልጋውን ትተው የተኛበትን ሰው እጅ ያያሉ። ጠዋት ሲገቡ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሁሉንም ይጨብጣሉ። ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ጎልማሳ አልጋ ሲመለሱ፦

“አምስት ቁጥርን አየሻቸው?” አሉኝ።

“አዎ፣ የሳንባ ምች ነው። ትኩሳቱ ወርዷል።”

“መዳፋቸው በላብ ውኃ ሆኗል። ነይ።”

ሰውየውን እጃቸውን ወደ ፊት እንዲዘረጉ ጠየቋቸውና ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው የሰውየው ጣቶች ላይ ጣል አደረጉ። ወረቀቱ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቆመው መጠየቅ አይወዱም ነበር፤ “የቆመ ሰው ፖሊስ ይመስላል” ይላሉ።

“ጌታዬ፣ የመጨረሻውን መቼ ነው የቀመሱት?”

“የምኑን?”

“የሚቀምሱትን።”

ሰውየው ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው። “ትናንት ጠዋት፣ ወደዚህ ሳልመጣ።”

ጋሽ ተሰማ ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ዕቃ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ብርሌ፣ አንድ የአረቄ መለኪያ፣ የጠላ ጣሳ፣ አንድ የድራፍት ጃምቦ። እነዚያን አምጥተው አልጋው ላይ ደረደሯቸው። “በየትኛው ነው? በቀንስ ስንት ጊዜ ይሞላል?” አሉ። ሰውየው መለኪያውን አንስተው በጣታቸው አምስት ቆጠሩ፣ ጥቂት አሰቡና ሌላውን እጃቸውን ጨመሩ።

“ጠጪ ነህ ወይ ብለሽ ከጠየቅሽው አይደለሁም ይልሻል” አሉኝ በኋላ። “ውሸቱን አይደለም። ጠጪ ማለት ለእሱ መንገድ ላይ የወደቀው ሰው ነው። ዕቃውን ካሳየሽው ግን ስለ ዕቃው ይነግርሻል።”

ከካርዱ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ የመጨረሻው መጠጥ የተጠጣበትን ሰዓት ጻፉ። የቀረው ሁሉ ከዚያ ሰዓት ይቆጠራል። ግማሽ ቀን ሳይሞላ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ልብ ይፈጥናል። እስከ ሁለተኛው ቀን ሰውየው እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሦስተኛው ቀን ግድም፣ ሁሉም ሰው ላይ ባይሆንም፣ አእምሮ ይለቃል፤ የሌለ ሰው ይታየዋል፣ ያለበትን አያውቅም፣ ትኩሳትና ግፊት ይወጣል። የሚሞተውም እዚያ ነው። ስለዚህ ከመድረሱ በፊት ዲያዜፓም ይሰጣል። መጀመሪያ በርከት ተደርጎ፣ ከዚያ በየቀኑ እየተቀነሰ፣ እስትንፋሱና ንቃቱ እየታየ። ጉሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ደግሞ የቢ ዋን ቫይታሚን መርፌ መቅደም አለበት። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ተሟጦበታል፤ ስኳሩ ከቀደመ የቀረችውን ይጨርስና አንጎሉን ይጎዳል። ጋሽ ተሰማ ሐኪም ጉሉኮስ ብቻ ያዘዘበት ካርድ ሲመጣላቸው አይከራከሩም። ካርዱን ይዘው ይሄዱና፣ “ዶክተር፣ ቫይታሚኗ ተረስታ ነው መሰለኝ” ይላሉ። ሐኪሙ ጭራሽ የማያውቃት ብትሆንም።

በሽተኛው ሊቃዥ ይችላል ብለው ካሰቡ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ካፖርት ያወርዳሉ፤ ካፖርት ሰው ይመስላልና። መጋረጃ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ያስራሉ። በሰዓቱ እየመጡ፣ “ያሉት ሆስፒታል ነው፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እኔ ተሰማ ነኝ” ይላሉ፤ አሥር ጊዜም ቢሆን በአንድ ዓይነት ድምፅ። ምክር ግን የለም። “ምክሩን አምስት ቀን አቆዪው። አሁን የሚሰማበት ጆሮ የለውም።”

ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁት ጠይቄያቸው ነበር። ወጣት ሳሉ ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ባለ ክሊኒክ ሠርተዋል።

“ሰክሮ ተጣልቶ ይታሰራል” አሉኝ። “መጀመሪያ ቀን ይተኛል። ሁለተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ ፈርቶ ነው ይባላል። በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ያናግራል፣ አበደ ብለው እጁን ያስሩታል። አንዱ እንደታሰረ ሞተ። ጠዋት ቁስሉን አጥቤለት ነበር። መቼ ጠጣህ ብዬ አልጠየቅሁትም።”

አራት ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠራሁ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ከሩቅ መለየት ቻልኩ። አውቄዋለሁ ብዬም አመንኩ።

ከዚያ ቲቸር አስካለ መጡ።

ኮተቤ ነው ያደግሁት። ቲቸር አስካለ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩኝ ናቸው። የሰው አካል ሥዕል ሰሌዳ ላይ በቀለም ጠመኔ ሲስሉ ልቡ የሚመታ ይመስል ነበር። ነርስ የሆንኩት በእሳቸው ምክንያት ነው ብል አልዋሸሁም። ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር የመጡት። የአጥንት ክፍል አልጋ እስኪለቀቅ እኛ ጋ ተኙ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ባላቸው ሞተዋል። ገና ሳያቸው አወቅኋቸው፤ እሳቸውም አወቁኝ።

“እታፈራሁ! የሁለተኛው ወንበር!” አሉኝ። ክፍል ውስጥ የምቀመጥበትን ወንበር አልረሱም።

ካርዳቸውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ስለ ስኳር ጠየቅኋቸው፣ ስለ ግፊት ጠየቅኋቸው፣ መድኃኒት የማይስማማቸው እንዳለ ጠየቅኋቸው። ስለ መጠጥ የሚጠይቀው መስመር ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። “አይጠጡም” ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

ልጃቸው ሜሮን ከቤት በፔርሙዝ ሻይ ታመጣላቸው ነበር። በገቡ ማግስት፣ ነገ ቀዶ ጥገና አለ ተብሎ ምንም እንዳይወስዱ ታዘዘ። ፔርሙዙን ከራስጌያቸው ያነሳሁት እኔ ነኝ።

“ትንሽ ልጠጣና ውሰጂው” አሉኝ።

“አይቻልም ቲቸር፣ ለማደንዘዣው ጥሩ አይደለም።”

ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ፔርሙዙን ለሜሮን መለስኩላት። ስትቀበለኝ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ አሁንም ድረስ ይታየኛል። ሳትናገር ሄደች።

ቀዶ ጥገናው በማግስቱ አልደረሰም፤ ለቀጣዩ ቀን ተላለፈ። ፔርሙዙን ባነሳሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ትኩሳት ለካሁ፣ ትንሽ ከፍ ብሏል። እጃቸው ብርድ ልብሱን ይለቅማል። አጥንት የተሰበረ ሰው ያመዋል፣ ያልበዋል፤ እንዲህ ብዬ የሕመም ማስታገሻ ሰጠኋቸው። ጋሽ ተሰማ በዚያ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ላይ ነበሩ። አራት ሰዓት ላይ ሳልፍ ቲቸር ግድግዳውን እያዩ ነው።

“ለምንድነው የሚንጫጩት?” አሉኝ። “አለቃቸው ማነው? ስማቸውን ጻፊልኝ።”

“እነማን ቲቸር?”

“እነዚህ። ከኋላ ያሉት።”

ያን ጊዜ ገባኝ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሐኪም ልጠራ ወደ በሩ ሦስት እርምጃ እንኳ ሳልሄድ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ጣላቸው። ወደ ጎናቸው አዞርኳቸው፣ ሐኪሙ ደረሰ፣ ዲያዜፓም በደም ሥር ሰጠን፣ ቆመ። እንደገና ጣላቸው። ትውከት ወደ ሳንባቸው ገብቶ ነበር። ማድረግ የሚገባንን ሁሉ አደረግን፣ ግን ሁለት ቀን ዘግይተን ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ካርዳቸው ላይ በእኔ ጽሕፈት “አይጠጡም” ይላል።

ጋሽ ተሰማ ከፈቃድ ሲመለሱ ነገሩን ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“ጠየቅሻቸው?”

“አልጠየቅሁም።”

“ለምን?”

“አስተማሪዬ ነበሩ።”

ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። “አከበርሻቸውና ሳትጠይቂያቸው ቀረሽ” አሉ። ተነስተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም፤ ቀላል ነው ብለውኝም አያውቁም።

ከአርባው በኋላ ሜሮን ቤት ሄድኩ። ጥፋቴን ልነግራት ነበር፤ ሥራዬን ባጣም ብዬ። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

“ፔርሙዙ ውስጥ ምን እንደነበር አውቃለሁ” አለች። “ሻይዋ ላይ አረቄ የምጨምርላት እኔ ነኝ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ፣ ስምንት ዓመት። አንቺ ስትወስጂው ልነግርሽ ነበር። ‘ተማሪዬ ናት፣ እንዳትነግሪብኝ’ ብላ አስምላኝ ነው።”

ሁለታችንም አለቀስን። እኔ ግን ሙያዬ ነው፤ እሷ ልጅ ናት። ጥፋቱ እኩል አይደለም። ይህንንም ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልጠየቅሁት በሽተኛ የለም። ቄስ ጠይቄያለሁ፣ ሐጂ ጠይቄያለሁ፣ የራሴን አማች ጠይቄያለሁ። ሐጂው ሳቁብኝ፤ አማቴ ለሁለት ወር አኮረፉኝ።

ጋሽ ተሰማ ጡረታ ሲወጡ እኔም ወደ ጤና ጣቢያው ተዛወርኩ። ኃላፊያችን ወጣት ሐኪም ነበር። መጀመሪያ፣ “ሲስተር፣ ለሰካራም የሚሆን አልጋ የለንም” አለኝ። ተከራከርኩት። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የተበላሹ ሚዛኖች ይቀመጡባት የነበረችውን ክፍል አስለቅቆ ሁለት አልጋ አስገባልኝ። የዲያዜፓሙ መዝገብ ብቻውን የአንድ ሰው ሥራ ነበር፤ እያንዳንዷ ክኒን ይፈረምባታል። የከበዱትን ወደ ሆስፒታል እንልካለን፣ የቀለሉትን እዚያው እናክማለን። የአውቶቡስ ሹፌር፣ የድንጋይ ጠራቢ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ እናት መጥተውልኛል። አብዛኞቹ በእግራቸው ገብተው በእግራቸው ወጡ። ስለ እነሱ የሚጻፍ ብዙ የለም፤ ሥራው ሲሳካ ምንም ሳይፈጠር ይቀራል።

ጽጌ የመጣችው አንድ ሐሙስ፣ እኩለ ቀን ግድም ነው። የታክሲ ሹፌር ሚስት ናት። ከባለቤቷ ጋር ክፉኛ ተጣልተው ነበርና ሁለተኛ አልቀምስም ብሎ ምሎ፣ ሰኞ ዕለት እንጦጦ ጠበል ገብቷል። ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ሄዳ ብታየው እጅና እግሩ ታስሯል።

“ያደረበት መንፈስ ጮኸ አሉኝ” አለች። “ታክሲ እየነዳ ይመስለዋል። በር ዝጋ ይላል። እኔን አላወቀኝም። ሲስተር፣ እውነት መንፈስ ነው? ወይስ አበደ?”

“መቼ ነው የመጨረሻውን የጠጣው?”

“እሑድ።”

በጣቴ ቆጠርኩ። አራተኛው ቀን ገብቷል። ቦርሳዬን አዘጋጀሁ፣ ለኃላፊው ነገርኩት። የባለቤቷ ባልደረባ በሚነዳው ታክሲ መንገዱ እስከሚያበቃበት ሄድንና የቀረውን በባሕር ዛፉ መሐል በእግር ወጣን። ጽጌ ትቀድመኛለች፤ እኔ ሃምሳዎቹ ውስጥ ገብቼ ነበርና በየመቶ እርምጃው ትጠብቀኛለች።

ሽፈራው፣ ባሏ ማለት ነው፣ በጠበልተኞቹ ማረፊያ መሬት ላይ በገመድ ታስሮ ተኝቷል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በታሰሩ እጆቹ መሪ ያዞራል። “ትርፍ አትጫን! ትራፊክ አለ፣ ትራፊክ አለ!” ይላል። ዙሪያውን ሰዎች ቆመው ይጸልያሉ። የቦታው ኃላፊ የሆኑት መነኩሴ፣ አባ ኪሮስ፣ መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት የዘለሉ፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሰው ናቸው። ተሳለምኩና ነርስ መሆኔን ነገርኳቸው።

“ልጄ፣ ይህ የሐኪም አይደለም” አሉኝ ረጋ ብለው። “እዚህ ስንቱ ድኗል። በመሐል ማቋረጥ ይጎዳዋል።”

“አባ፣ እኔም ጠበል ተጠምቄ ያደግሁ ነኝ። ጸሎቱ እንዲቋረጥ አልጠይቅዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እንዲህ የሆኑ ሌሎችም መጥተው ያውቃሉ? ሲመጡ ደህና ሆነው፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የሚለያቸው?”

“ብዙ።”

“ሁሉም ዳኑ?”

አባ ኪሮስ መስቀሉን በጣታቸው ዳሰሱ።

“ያልተነሱም አሉ” አሉ።

“ለዓመታት የለመደውን አካል በአንድ ቀን ሲከለክሉት እንዲህ ያደርጋል አባ። መድኃኒት አለው፤ ይዤዋለሁ። ዛሬ ካልተሰጠው ግን ይህ ሰው የሚያድር አይመስለኝም።”

ከቆሙት አንዱ፣ “እምነት የሌላት ናት!” ብሎ ጮኸ። ሌላው ክንዴን ያዘኝ። ጽጌ ማልቀስ ጀመረች። አባ ኪሮስ እጃቸውን ከፍ አደረጉና ጸጥ አለ።

“መድኃኒትን የፈጠረው ማነው?” አሉ ሰዎቹን። ወደ እኔ ዞሩ። “ገመዱስ?”

“መጀመሪያ መርፌውን ልስጠው። ሲረጋጋ እርስዎ ራስዎ ይፍቱት።”

ልቡን ቆጠርኩ፤ ለመቁጠር እስኪያስቸግር ይሮጣል። ሰውነቱ ይፋጃል። ጭንቅላቱን ዳሰስኩ፣ ወድቆ ተጎድቶ እንደሆነ። የደም ስኳሩን ለካሁ፤ ዝቅ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ቫይታሚኑን፣ ቀጥሎ ስኳሩን፣ ከዚያ ዲያዜፓሙን በደም ሥሩ ቀስ አድርጌ፣ እስትንፋሱን እየቆጠርኩ ሰጠሁት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ከተሳሳትኩ፣ በዚያ ሕዝብ ፊት ገደለችው መባሌ ነው። እጆቹ መሪውን ማዞር ቀነሱ። ትንሽ ጠብቄ ደገምኩ። ቆሙ። ጠራሁት፤ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ጨፈነ። እስትንፋሱ ደህና ነው። አባ ኪሮስ ጎንበስ ብለው ገመዱን ፈቱ። አንጓው ቆስሎ ነበር፤ በጠበሉ አጠቡለት።

ያ ክንዴን የያዘኝ ሰው አንደኛውን የቃሬዛ ጫፍ ተሸክሞ እስከ መኪናው መንገድ ወረደ። የሽፈራው ባልደረባ ታክሲውን ይዞ ጠብቆን ስለነበር ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። አምስት ቀን ተኛ። ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ ጽጌን አውቋታል። እኔን ግን ትክ ብሎ አየኝና፦

“ተሳፋሪዎቹ ወረዱ?” አለኝ።

“ሁሉም በሰላም ወርደዋል።”

“ተመስገን” ብሎ ተኛ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባ ኪሮስ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግራቸው መጡ። ከበሽተኞቹ ጋር ተሰልፈው ነው ያገኘኋቸው። “ለሚመጡት ምን ብዬ ልጠይቃቸው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ለጠበል የመጣ ጠጪ መጀመሪያ መቼ እንደጠጣ ይጠየቃል፤ እጁ ይታያል፤ የሚያሰጋ ከሆነ፣ “ወርደህ ታክመህ ተመለስ፣ ጠበሉ አይሸሽም” ይባላል። ስንት ሰው እንደላኩልኝ አልቆጠርኩም። የላኳቸው ግን ከተራራው ሲወርዱ ተስፋ ይዘው ነው የሚወርዱት፤ ለሕክምናው ያ ትልቅ ነገር ነው።

ሽፈራውን ድኗል ብዬ ባቆም ደስ ባለኝ። አልሆነም። ማስቆም የሳምንት ሥራ ነው፤ እንደቆሙ መኖር የዕድሜ ልክ ነው። ሰባት ወር ቆይቶ አንድ ልቅሶ ቤት መጠጡን እንደገና ጀመረ። ጽጌ ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። ታክሲውን ባለንብረቱ ተቀበለው። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ሽፈራው የጤና ጣቢያውን በር አንኳኩቶ ገባ። ጢሙ አድጓል፣ አፉ አረቄ ይሸታል፣ ኮቱ ውስጥ ጠርሙስ አለ። ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ተሳሳቁበት። ጽዳቷ ልታስወጣው መጣች።

“ሲስተር፣ ሳላቆም መጣሁ” አለኝ። “በራሴ ላቁም ብዬ ነበር፣ ፈራሁ። አንድ መለኪያ ቀምሼ ነው የመጣሁት። እርስዎ ያስቁሙኝ።”

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለጽዳቷ ማስረዳት አልቻልኩም። አፉ እየሸተተ፣ ጠርሙስ ይዞ የገባው ይህ ሰው በዘመኔ ካየኋቸው በሽተኞች ሁሉ ትክክለኛውን ነገር ያደረገ ነበር። ጠርሙሱን ተቀበልኩት፣ አልጋ ሰጠሁት። መድኃኒቱን በስድስት ቀን እየቀነስን አወጣነው። ከዚያ በኋላም አንዴ ወደ መጠጡ ተመልሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይቀምስ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ጽጌ ወዲያው አልተመለሰችም፤ አንድ ዓመት ሙሉ አይታው ነው የተመለሰችው። ልክ ነበረች።

በሥራዬ የመጨረሻ ሳምንት ሽፈራው አንድ ጓደኛውን እጁን ይዞ አመጣ። እሱም ሹፌር ነው፣ ታዬ ይባላል። ታዬ ለአምስት ቀን ተኛ፤ እኔን የምትተካው ሳምራዊት አከመችው፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ አየሁ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠች፣ ስህተት አልሠራችም። ቢሆንም በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ታዬ ትንሽ ቃዠ። ጥጉን በጣቱ እያሳየ መነሳት ፈለገ።

“እዚያ ሰዎች አሉ” አለ። “ለምን ያዩኛል?”

ሳምራዊት እኛ የተማርነውን አደረገች። አሉም የሉምም ሳትል፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን ነገረችው፣ ስሟን ነገረችው። ታዬ አልሰማትም። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ከአልጋው ሊወርድ እግሩን አወጣ። ሽፈራው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ ጥጉን አየ፣ ተመልሶ ጓደኛውን አየ።

“እኔም አይቻቸዋለሁ” አለው። “ተሳፋሪ ነበሩ የእኔዎቹ። ታክሲ ሙሉ። ምንም አያደርጉህም ታዬ። ነገ ይሄዳሉ።”

“ይሄዳሉ?”

“የእኔዎቹ ሄደዋል።”

ታዬ እግሩን ወደ አልጋው መለሰ። ሽፈራው ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበለት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በአልጋ አጠገብ ስቀመጥ ይህን ዓረፍተ ነገር ለማንም መናገር አልቻልኩም፤ አይቼያቸው አላውቅማ። ሳምራዊት ሰዓቷን ተመልክታ ልቡን ቆጠረች፣ ካርዱ ላይ ጻፈች። ዝግ ማለት ጀምሯል። ታዬ ዓይኑን ከጥጉ ሳይነቅል፣ የጓደኛውን እጅ እንደያዘ ቀስ በቀስ እንቅልፍ ወሰደው።

በማግስቱ ጠዋት ገንፎ ጠየቀን።